ዝም ብላለች

ሰው «ምን ሆነሃል?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ዓይኔን ትቢያ ገባው» እል ነበር። ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ልብስ ስሰፋ ዓይኔን ገባው ያልኩት ትቢያ ቢጠራቀም አንድ ቤት ይመርግ ነበር። ደንበኞቼም አምነውኝ ኖሩ። እኛ ልብስ ሰፊዎች «ነገ ይደርስልሃል» እያልን መዋሸት ስለምናዘወትር አንድ ተጨማሪ ውሸት ማንንም አይገርምም።

እውነቱ ይህ ነው። በወር አንዴ፣ ሲብስም ሁለቴ፣ መርፌ ላይ ክር ላስገባ ስል የመርፌው ግማሽ ይጠፋብኛል። መርፌው አለ፤ እጄ ይዞታል፤ ዓይኔ ግን አያገኘውም። በጠፋው ቦታ ጠርዝ ላይ ብርሃን ይመጣል። ልክ እንደ ዚግዛግ ስፌት ነው፤ ይንቀጠቀጣል፣ እየሰፋ ሄዶ በዓይኔ ጥግ ይወጣል። ብጨፍንም አይለቀኝም። ከዚያ የቀኝ እጄ ትንሿ ጣት ትደነዝዛለች። ድንዛዜው ወደ መዳፌ፣ ከመዳፌ ወደ ክርኔ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ከክርኔ ዘሎ ከንፈሬ ላይ ያርፋል፣ የምላሴንም ግማሽ ይይዛል። አውራ ጣቴ ገበቴ ያከለ ይመስለኛል፤ ዝቅ ብዬ ሳየው ያው የድሮው አውራ ጣቴ ነው። አንዳንዴም ጨርቅ ሲያር ይሸተኛል። ከሰል ያልገባበትን ካውያ ስንት ጊዜ ሮጬ እንዳነሳሁት አላህ ይወቀው።

መጨረሻ ላይ ቃል ይጠፋኛል። «መቀስ» ማለት እፈልጋለሁ፤ መቀሱ ፊቴ ተቀምጧል፤ ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ስሙ ግን አይመጣም። የሰው ንግግር ይገባኛል፣ መልስ መስጠት ግን አልችልም። ሃያ ደቂቃ፣ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው። ከዚያ ሁሉም ተራ በተራ ይመለስና በምትኩ ራስ ምታቱ ይመጣል፤ ግማሽ ጭንቅላቴን ይዞ እስኪመሽ ይፈልጠኛል።

ደሴ ሄጄ አንድ ሐኪም አይቶኛል። «ማይግሬን ይባላል። ዓይንህም ጭንቅላትህም ደህና ነው። ሳትበላ አትዋል፣ እንቅልፍ አትጣ» አለኝ። በዘርም ይወርዳል አለ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ፤ የነገርኩት ግን ለባለቤቴ ለሱረያ ብቻ ነው። እሷም «በሞትኩት፣ ሰው እንዳይሰማ» አለችኝ። እኛ ሰፈር በጠራራ ፀሐይ ብርሃን ታየኝ፣ ያልነደደ ነገር ሸተተኝ፣ ምላሴ ተያዘ ያለን ሰው ሐኪም ምን አለህ ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ የሚጠየቀው የጂኑ ስም ነው። እኛ ደግሞ ለአቅመ ሔዋን የምትደርስ ሴት ልጅ አለችን። ጂን ካለበት ቤት ማን ሚስት ይወስዳል? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ዝም አልኩ።

ታላቅ ወንድሜ ጁማ ዓሣ አስጋሪ ነው። ሁለት ጀልባ አለው፤ ከእኔ ይልቅ የሚፈራ፣ ከእኔ ይልቅ የሚከበር ሰው ነው። ልጁ ሳጂዳ አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት አንድ ረፋድ ላይ ዓሣ ይዛልኝ ሱቄ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«አጎቴ፣ ፊትህ ግማሹ የለም» አለችኝና ሳቀች። ወዲያው ግን ሳቋን አቆመች። ዘንቢሉን መሬት ጥላ የቀኝ እጇን በግራዋ ታሽ ጀመር።

«ትንሿ ጣትሽ ናት?» አልኳት።

«በምን አወቅህ?»

አስቀመጥኳት፤ በሩን ገርበብ አደረግሁት፤ ድንዛዜው እንዴት እንደሚወጣ፣ እንዴት እንደሚለቅ አንድ በአንድ ነገርኳት። ጂን እንዳልሆነ፣ እንደማይገድል፣ እኔንም እንደሚይዘኝ ነገርኳት። ይህን በማድረጌ ዛሬም አልጸጸትም። የምጸጸተው ቀጥሎ ባልኩት ነው።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አልኳት።

«ለእማስ?»

«ለእማም። ለአባትሽም። ሲመጣብሽ ራሴን አመመኝ ብለሽ ተኚ፤ በቃ።»

ታዛዥ ልጅ ነበረች። አምስት ዓመት ሙሉ ለማንም ሳትተነፍስ ቆየች። ሲይዛት እየተደበቀች፣ ሲለቃት እየተመለሰች፣ የአባቷን ዓሣ እየሸጠች አደገች። አልፎ አልፎ ሱቄ ትገባና ምንም ሳትናገር ትንሿን ጣቷን ታሳየኛለች። እኔም ወንበር እስብላትና «ትቢያ ነው፣ ይለቅሻል» እላታለሁ። ያ የእኔና የእሷ ቀልድ ነበር።

በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ ከውጫሌ ሽማግሌ መጣ። ጠያቂው ዘይኑልአቢዲን የሚባል የእህል ነጋዴ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢያልፈው ነው፤ አንድ አይሱዙ አለው፤ አምባሰል ውስጥ ክፉ ሰው ነው ሲባል የሰማሁት የለም። ጁማ ደስታውን መሸሸግ አቃተው። «ልጄ እንደኔ ዓሣ እየሸተተች አትኖርም» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ አባት ነው።

ሰርጉ በወሩ ሆነ። ሴቶቹ የዓሣው ሽታ ይልቀቃት ብለው ሳጂዳን ሁለት ቀን ሙሉ ሲያጥቧት፣ ሲያሿት፣ ሽቶ ሲቀቧት ሰነበቱ። እጅና እግሯን ሂና አሰሯት። ድቤው አልተኛም፤ እሷም አልተኛችም። ስለ መብላቷ ያሰበ ደግሞ ማንም የለም፤ ሙሽራ ስትበላ መታየቷ ነውር ነው። ምግብ ያጣ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ በሽቶ የታፈነ እንደኛ ያለ ራስ ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ግን የሙሽራውን ወገን ኮትና ሱሪ ለማድረስ ስጣደፍ ስለነበር አላሰብኩበትም።

የሰርጉ ቀን ዳሱ ጢም ብሏል። የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በግ በእነሱ ሰው ለብቻ ታርዶ ለብቻ ተሠርቷል። እሱን እንድትመራ የታዘዘችው አገሬ ነበረች፤ የጁማ ሚስት የፈዲላ የልብ ወዳጅ፣ አጥር የምትጋራ ጎረቤት ናት። ወጡን ለሌላ ሰው ትታ «ልጅቷ ፊቷ አላማረኝም» ብላ ረፋዱ ላይ ሙሽራዋ ክፍል ገባች። እኛ ወንዶቹ ይህን አላየንም።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ኒካሁ ሊታሰር ሆነ። ኒካሁን የሚያስሩት ሼኽ ሙአዊያ ናቸው። ሁለት ምስክር መረጡ፤ ከልጅቷ ወገን እኔን፣ ከሙሽራው ወገን አጎቱን።

«ሂዱና ጠይቋት» አሉን። «ሦስት ጊዜ ጠይቁ። እምቢ ካለች እምቢታዋን አምጡልኝ። እሺ ካለች እሺታዋን። ዝም ካለችም ዝምታዋ ፈቃዷ ነው፤ ልጃገረድ ናት፣ ሐያእ ይይዛታል።»

ይህ ወጉ ነው። የእኔም ሚስት ስትጠየቅ ዝም ብላለች፤ እናቴም ዝም ብላለች። እፍረት ምላሷን የያዘባትን ልጅ ላለማስጨነቅ የተደረገ ርኅራኄ ነው። ምላሷን ሌላ ነገር የያዘባት ልጅ ትኖራለች ብሎ ያሰበ አልነበረም።

«ቢስሚላህ» ብለን ገባን። ሳጂዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ ነጭ ሻሽ እስከ ግንባሯ ወርዶላታል። ከጎኗ አገሬ አለች። ሴቶቹ በሩ ላይ ተኮልኩለው እልል ለማለት ትንፋሻቸውን ሰብስበዋል።

«ሳጂዳ» አልኳት፤ «አባትሽ ለዘይኑልአቢዲን በኒካህ ሊድርሽ ነው። ፈቅደሻል? ወክለሽዋል?»

ቀና አለች። አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ዓይኗ ወደ እኔ ነው፤ ግን እኔን አያይም። ከጆሮዬ ወዲያ አየር ላይ የሆነ ነገር ይከተላል፤ ቀስ እያለ ወደ ውጭ የሚሄድ ነገር። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ የሌላ ሰው እጅ መስሎ ተጋድሟል። በግራዋ ትንሿን ጣት አሸት ታደርግና ከንፈሯን ትነካለች፤ እቦታው እንዳለ ለማረጋገጥ።

ወላሂ፣ ያኔውኑ አወቅሁ።

«ማሻአላህ!» አለ የሙሽራው አጎት። «ዓይን አፋር ናት።»

ሁለተኛ ጠየቅሁ። «እ... የ...» አለች። ቃሉን ስትፈልገው ይታየኛል። ከዓይኗ እንባ ወረደ። ከበሩ አንዷ ሴት «ሙሽራ ካላለቀሰች ምኑን ሙሽራ ሆነች!» አለች፤ ሌሎቹም ሳቁ። የሙሽራ ነገር እንዲህ ነው፤ ሕመሙ ሁሉ ወግ ይሆንላታል። ዓይኗን ከብርሃን ስታሸሽ ጨዋነት ነው፤ ስታለቅስ የእናት ፍቅር ነው፤ ምላሷ ሲያዝ ደግሞ ፈቃድ ነው።

ሦስተኛ ስጠይቃት በግራ እጇ የኮቴን እጅጌ ያዘች። አጥብቃ ነው የያዘችኝ። ይህን ሕመም የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እሷም ይህን ታውቃለች።

«ኑርዬ» አለችኝ አገሬ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ይቺ ልጅ ደህና አትመስለኝም። እጇ በረዶ ሆኗል።»

«ሁለት ቀን ሳትበላ ምን ትሁን ታዲያ» አልኳትና የሳጂዳን ጣቶች አንድ በአንድ ከእጅጌዬ አላቀቅሁ። እኔው ራሴ ነኝ ያላቀቅኋቸው። እልልታው ቀለጠ።

ከክፍሉ እስከ ዳሱ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። በእነዚያ ሠላሳ እርምጃዎች ውስጥ ያላሰብኩት ነገር የለም። ትፈልገው አትፈልገው አላውቅም፤ ምናልባት ቃሉ ቢመጣላት እሺ ትል ይሆናል፤ ታዲያ ምን አስጨነቀኝ? ደግሞስ ብናገር፣ ይህ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት «የወንድሜ ልጅ ምላሷ ይያዛል» ብል፣ ነገ ማን ያገባታል? በምን አወቅህ ሲሉኝስ? የእኔ ልጅ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ጁማ ደግሞ ዳሱ ውስጥ አዲስ ጋቢ ለብሶ ተቀምጧል፤ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ፈሪ ሰው ምክንያት አይቸግረውም፤ እኔም በሠላሳ እርምጃ ሠላሳ ምክንያት አገኘሁ።

«እህ?» አሉ ሼኹ።

«ሦስት ጊዜ ተጠየቀች፤ ዝም አለች» አለ የሙሽራው አጎት።

ወደ እኔ ዞሩ። «ኑርዬ፣ አንተስ በምን ትመሰክራለህ?»

«ዝም ብላለች» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። በዕድሜዬ ከዋሸሁት ውሸት ሁሉ ግን ይህቺ እውነት ትከፋለች።

ሼኽ ሙአዊያ የጁማን ቀኝ እጅና የዘይኑልአቢዲንን ቀኝ እጅ አያያዙ። ነጭ ጨርቅ ከላይ ጣል አደረጉበት። እሳቸው ማንበብ ጀመሩ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ሳለሁ ዓይኔ እጅጌዬ ላይ አረፈ። ጠዋት ራሴ የተኮስኩት እጅጌ ጭምድድ ብሏል። የአራት ጣት ቦታ ይታያል። አሁን ዝም ካልኩ እስክሞት ድረስ ያ እጅጌ እንደማይለቀኝ ገባኝ።

«ሸህዬ፣ ይቁሙልኝ!» ብዬ ተነሣሁ።

ዳሱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«የመሰከርኩት ልክ ነው፤ ዝም ብላለች። ግን ዝምታዋ የሐያእ አይደለም። ምላሷ ተይዟል፤ ብትፈልግም መናገር አትችልም።»

«ምን ትቀባጥራለህ?» አለ ጁማ፣ እጁ እንደተያዘ። «ልጄ ዲዳ ናት?»

«ሕመም አለባት አያ። የራስ ምታት ዓይነት ነው። ከመነሣቱ በፊት ዓይን ይጋርዳል፣ እጅ ያደነዝዛል፣ ምላስ ይይዛል። ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ ይለቃታል።»

«ጂን ነዋ!» ብሎ የሙሽራው አጎት ብድግ አለ። «ጂን ያለባትን ልጅ ሸፋፍናችሁ ልትሰጡን ነበር?»

ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩ በልቤ። «ጂን ከሆነ እኔም አለብኝ። ሃያ ዓመት አብሮኝ ኖሯል። ያንን የለበስከውን ኮት የሰፋው ጂን ነው፤ እንዴት እንዳማረብህ አላየህም?»

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ጁማ አልሳቀም። እጁን ከጨርቁ ሥር ነጥቆ መጥቶ ደረቴ ላይ ቆመ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ይህን ያወቅህ?»

«ከአሥራ አራት ዓመቷ።»

«ወንድሜ ሆነህ፣ የልጄን ሕመም አምስት ዓመት ደበቅኸኝ? እሷስ ምነው ለእኔ ሳትነግረኝ?»

«እንዳትነግርህ ያልኳት እኔ ነኝ» አልኩት።

እጁን አነሣ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። አየኝ፣ አየኝና እጁን መልሶ አወረደው፤ ጀርባውን ሰጠኝ። ሰው ፊት ስለ ሕመሜ መናገሩ ሳይሆን ያ ጀርባው ነው ያመመኝ።

ሼኽ ሙአዊያ ጨርቁን አጣጥፈው አስቀመጡ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል» አሉ። «አንተ የአንተን ብቻ ሳይሆን የወንድምህን ልጅ ሕመምም ደብቀሃል ኑርዬ። ይህን ከአላህ ጋር ተነጋገርበት።» ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ዝምታ ፈቃድ የሚሆነው መናገር ለምትችል ነው። መናገር ያልቻለች ምን ፈቀደች፣ ምንስ ከለከለች? ምላሷ እስኪመለስ እንጠብቃለን።»

የሙሽራው አጎት መኪና ይነሣ ማለት ጀመረ። ያን ጊዜ እስከዚያ ድረስ ትንፍሽ ያላለው ዘይኑልአቢዲን ተናገረ። «አጎቴ፣ ተቀመጥ» አለው። «እኔ በቃሏ እንጂ በሕመሟ ሚስት አላገባም። እጠብቃለሁ።» ያን ቀን ይህን ሰው ወደድኩት፤ ወድጄውም የሳጂዳ መልስ የበለጠ አስፈራኝ።

ዙሁር ሰገድን። ምግቡ ቀዘቀዘ። ግቢ ውስጥ ያሉት ሴቶች የሆነውን የነገራቸው ስለሌለ ድቤውን ይመታሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ያጨበጭባሉ። እኔ በዳሱ ጥግ ተቀምጬ በራሴ ላይ እንደማውቀው እቆጥር ነበር፤ አሁን ብርሃኑ ወጥቷል፤ አሁን ጣቶቿ ይሟሟቃሉ፤ አሁን ከንፈሯ ተመለሰ። ከአጠገቤ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ወደ ሼኹ ሄጄ «ምላሷ ተመልሷል፤ ራስ ምታቱ ግን ጀምሯታል፤ ቀስ ብለው ይጠይቋት» አልኳቸው።

ሼኹ ራሳቸው ተነሡ። ጁማ፣ የሙሽራው አጎትና እኔ ተከተልን። ሳጂዳ ሻሿ ወርዶ፣ ራሷን አገሬ ጭን ላይ አድርጋ ተጋድማለች፤ ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ አለ። እናቷ ፈዲላ እግሯን ይዛ ተቀምጣለች። ልጅቷ እኛን ስታይ ለመነሣት ሞከረች።

«ተኚ ልጄ፣ ተኚ» አሉ ሼኹ፣ ከበሩ ሳያልፉ። «ቅድም የተጠየቅሽውን ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ ሸህዬ።» ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ቃሉ ግን ሙሉ ነው።

«ያኔ ልትዪ የፈለግሽው ምን ነበር?»

«አልፈቅድም ነው ያልኩት። ሦስት ጊዜም ብያለሁ። አልወጣልኝም።»

ፈዲላ በነጠላዋ አፏን ያዘች። የሙሽራው አጎት ዞሮ ወደ ዳሱ ተመለሰ። ጁማ ግን መቃኑን ይዞ ቆሞ ቀረ፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲነሣ ይታየኛል።

«ሳጂዳ!» አለ። «ሰው ከአምባሰል ወርዶ፣ በሬ ታርዶ፣ ዛሬ? አንድ ወር ሙሉ ፊቴ ስትገቢ ስትወጪ አልነበረም? ያኔ እኮ ምላስሽ ደህና ነበር! ምነው አንድ ቀን ብትነግሪኝ?»

ሳጂዳ ዓይኗን ጨፍና ነው የመለሰችለት። ሲያማት ብርሃን አትችልም።

«ማን ጠየቀኝ አባ?» አለች። «ሽማግሌዎቹ አንተን ጠየቁህ። አንተ አጎቶቼን ጠየቅህ። እማን የቀኑን ነገር ጠየቅሃት። እኔ ስጠብቅ ነበር። አንድ ቀን እማን ‹እኔስ?› ብያት ‹አንቺ የምትጠየቂው የኒካሁ ዕለት ነው› አለችኝ። እሺ ብዬ ዛሬን ጠበቅሁ።»

እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ ልጅቷን ያዳንኳት እኔ ነኝ ብዬ ትንሽ ልቤ አብጦ ነበር። በዚያ ወር ስንት ጊዜ በሱቄ በር አልፋለች! «ሙሽሪት፣ ሙሽሪት» እያልኩ ከመቀለድ በቀር አንዲት ጥያቄ አልጠየቅኋትም። ሕመሟን ሳውቅ እሷን አላወቅኋትም። አፈርኩ፤ ዳሱ ውስጥ ካፈርኩት ይህ ይበልጥ ነበር።

ጁማ በሩ ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለ። ትልቅ ሰው ነው፤ መሬት ላይ ሲቀመጥ ያጠረ መሰለኝ። ሼኹም እዚያው ቆመው ጠበቁት።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ይኸው አሁን እየጠየቅሁሽ ነው ልጄ። ምን ትፈልጊያለሽ?»

ሳጂዳ አሰበችበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠየቅ ሰው ያስባል።

«ልተኛ አባ» አለች። «ድቤው ራሴን እየፈለጠኝ ነው።»

ጁማ ተነሥቶ ወጣ። ተቆጥቶ የሚሄድ መስሎኝ ተከተልኩት። ሴቶቹ መሐል ገባ፤ የምትመታው ሴትዮ ገና እየሳቀች ሳለ ድቤውን ከጭኗ ላይ በሁለት እጁ አንሥቶ ሣሩ ላይ አስቀመጠው። «ልጄ ልትተኛ ነው» አላቸው። ሌላ አልጨመረም። ከዚያ ወደ ዳሱ ሄዶ ዘይኑልአቢዲን ፊት ቆመ፤ ምን ሊለው እንደነበር አላውቅም፤ ሙሽራው ቀድሞት እጁን ጨበጠውና «አፉ ብለናል፣ አላህ ይማራት» አለው። ሾፌሮቹንም ክላክስ እንዳይነኩ አዘዛቸው። የሰርግ መኪኖች ያለ ድምፅ ሲወጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የቀረው ሰው የታረደውን ጥሎ አልሄደም። ሼኽ ሙአዊያ ዱአ አድርገው «ብሉ፤ ግን ቀስ ብላችሁ» አሉ። ያን ቀን ወንድሜ ቤት ሁለት መቶ የሚሆን ሰው በሹክሹክታ በላ። እስላሙም ክርስቲያኑም አንዱ ለሌላው ወጥ ሲጠይቅ በእጁ እያመለከተ ነው። ሕፃናቱን አገሬ እየሰበሰበች ወደ እሷ ግቢ ወሰደቻቸው።

ጁማ የልጁ ክፍል በር ላይ ተቀምጧል። ሣህን ሲንኳኳ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርጋል። ሄጄ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ተነሥ አላለኝም፤ አላየኝምም። ውስጥ የሳጂዳ ትንፋሽ ረዘም እያለ ሲሄድ ይሰማናል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጁማ ፊቱን ሳያዞር፣ ልጅቷ እንዳትነቃ ጆሮዬ ሥር ተናገረ።

«አንተስ» አለኝ፤ «ብዙ ያምሃል?»

«ብዙ ያመኛል አያ» አልኩት።